አርባኛው ገጽ

ስምንት ሺህ ብር በፖስታ፣
ርዕሰ መምህሩ ሲሰጠኝ አላበዛም ሐተታ፤
«ልብ ወለድ ግዢ» አለኝ፣ «ለአምስተኛና ስድስተኛ፤
ብቻ ምክር አይጥፋው፣ ወላጅ እንዳይሆንብን ዳኛ።»

ከማራኪ እስከ ፒያሳ ባጃጅ ውስጥ ሒሳብ ስሠራ፦
አንዱ በመቶ ሰማንያ ቢገኝ፣ አርባ አራት፤
ሰማንያ ብር ትተርፋለች፣ ለሙጫ፣ ለመርፌ፣ ለክር፣
ሻጩ ካልሆነ ግትር።

ግራና ቀኜ ሁለት አማካሪ፦
ማስተዋል፣ ከስድስተኛ «ለ»፣ ጥርሷ መሐል እስክሪብቶ፣
ሙራድ ካዲስ ዓለም፣ ኪሱ የሽንብራ ቆሎ ሞልቶ።
«ልጆቹን ምን አንከራተተሽ?» ብላኝ ነበር የሒሳብ መምህሯ።
ጫማ ሲገዛ እግር ቤት ይቀራል ወይ፣ እህቴ?

የስመኘው ሱቅ ጠባብ ነው፣ እስከ ጣሪያው ወረቀት።
ፊት ለፊት የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ፣
የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ የመክበር ምስጢር፤
ልብ ወለድ ከኋላ ነው፣ ከተሰበረው ሚዛን ሥር።

እኔ እንደ ደንቡ ጀርባውን አነባለሁ፣
ዋጋውን፣ የታተመበትን ዘመን።
ማስተዋል ግን መጽሐፉን እንደ ዳቦ ከመሐል ትከፍለዋለች፤
አርባኛው ገጽ።
«ቲቸር፣ አንደኛው ገጽ ላይ ሁሉም እንግዳ ነው፣ አበጥሮ ነው የሚመጣ፤
አርባኛው ላይ ሲደርስ ነው ጫማውን የሚያወልቀው፣
እግሩ ይሸት አይሸት ያኔ ነው የሚታወቀው።»

ሙራድ የሚመዝነው በሳቅ ነው።
አንድ መስመር ያነብና ይጠብቃል፣ ሆዱን ይዞ፤
ሳቁ ካልመጣ ይመልሰዋል፣
በአክብሮት፣ አቧራውን አራግፎ።

ድንገት «ቲቸር!» አለ። «ታንኳው!»

ታንኳው ማለት እንዲህ ነው፦
በቤተ መጻሕፍታችን አንድ ልብ ወለድ አለ፣ ሽፋኑ ላይ ታንኳ፣
ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ርዕሱ ተፍቆ፣
መጨረሻው ተገንጥሎ፣ ጀርባው በፕላስተር ታንቆ።
ልጁ ወንድሙን ፍለጋ ጣና ላይ በጉም ይቀዝፋል፤
መቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ ከጉሙ ድምፅ ይሰማል፦
«ማነህ?»
ከዚያ ወዲያ የለም።

ስድስት ዓመት ሙሉ ልጆች ያንን ጥያቄ መለሱ።
አንዱ፣ የገደል ማሚቶ ነው፤ አንዷ፣ አሣ አስጋሪ፤
ሙራድ፣ ጉማሬ ነው አለ፣ ሰው ሰው የሚሸት ተናጋሪ።
ማስተዋል በእርሳስ፣ በሽፋኑ ውስጠኛ፣ ጥግ ላይ፦
«ወንድሙ ነው። ግን ልጁ አድጎበት መልኩ ጠፋው።»

አሁን ሙሉው፣ አዲሱ፣ ቀለሙ የሚሸተው፣ በሙራድ እጅ።
ሁለት ራስ ገጠመ። እኔ የማነበው ፊታቸውን።
መቶ አሥራ ሦስት። መቶ አሥራ አራት።
ሙራድ ቀና አለ።
«ሕልም ነበር» አለ። «ነቃ።»
«ከዚያስ?»
«እናቱ ትመክረዋለች፤ ሳያስፈቅዱ ከቤት መውጣት ነውር ነው ትላለች። አለቀ፣ በቃ።»

ርዕሰ መምህሩ ያዘዘው ምክር፣ ያው፣ ቁልጭ ብሎ።
ማስተዋል ከደነችው፣
የሟች ዓይን እንደሚከደን፣ በቀስታ።
«ይሄን አንግዛ፣ ቲቸር። የኛው ይበልጣል።»

አርባ አንድ ይዘን ወጣን፤ ዋጋው ንሮ።
መርፌና ክሩን ስመኘው መረቀልን።

ማታ፣ መብራት ሄዶ፣ በሻማ ላስቲክ ስሸፍን፣
መቀሱ እጄ ላይ ነበርና ክፉ ሐሳብ ሽው አለብኝ፦
የሁሉንም መጨረሻ ብቆርጠውስ?
ሁለት ቅጠል ብቻ፣ ማን ያውቃል?
የአንዱን ጫፍ ያዝኩ። እያየሁት ሻማው ተንጠባጠበ።

አልቆረጥኩም። የደከመበት ሰው አለ፤
ሕልም ነበር ቢል እንኳ፣ ያለው እሱ ነው።
ግን ከየመጽሐፉ ኋላ፣ በስመኘው ክር፣
አንድ አንድ ነጭ ወረቀት ሰፋሁ፣ ያልተሰመረ፣
ጣቴን ሁለቴ ወግቼ።

ጠዋት፣ የንብረት ክፍሉ አዛናው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ቆጠረ፣
ገለጠ፣ ደግሞ ቆጠረ፦
«ይሄ ባዶው» አለኝ፣ «በየትኛው ደረሰኝ ነው የገባው?»